ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የሚተኛው ማነው?

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም እህቴ፣ ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የዘጠኝ ወር ሴት ልጅ አለችን። ባሌ ደህና ሰው ነው፤ አይጠጣም፣ አያመሽም፣ ደሞዙን አይደብቅም። ችግሩ ሌሊት ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ስልኩን ይዞ፣ ሹክክ ብሎ መታጠቢያ ቤት ይገባል። ድሮ 6 ሰዓት ላይ ነበር፤ ከጥቅምት መጨረሻ ወዲህ ወደ 7 ሰዓት ተዛወረ። መጀመሪያ ሴት ይዞ ነው፣ የሥራ ፈረቃዋ ተቀይሮ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። አንድ ሌሊት በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ስሰማ ግን ለጓደኛው በድምፅ መልእክት 'ተኝቷል፣ ተኝቷል! ቶሎ ግባና አንሳ' ይለዋል። በቃ ሌባ ሆኗል፣ የሆነ መጋዘን ዘበኛ እስኪተኛ እየጠበቁ ነው አልኩ። በማግስቱ ስልኩን ከፍቼ ያገኘሁት በዕቃ ክምር ላይ የተጠቀለለ ሰማያዊ ትል ነው! ስጠይቀው 'ስኖዌጀር ይባላል፣ ሲተኛ ጠብቄ ዕቃ እወስድበታለሁ' አለኝ፤ ትንሽ እንኳ አላፈረም። ልጃችን ስታለቅስ ግን አንድም ሌሊት ሰምቶ ተነስቶ አያውቅም። ይሄ ትል ምንድነው? ባሌ ጤነኛ ነው? ሽማግሌ ልሰብስብ? ደግሞ ካልሳቅሽብኝ፣ እኔም ብጫወተው ችግር አለው?
እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከየካ አባዶ»

እህቴ፣ እንኳን ትል ሆነ!

አትሳቂብኝ ብለሻል፤ ስቄያለሁ። «የሥራ ፈረቃዋ ተቀይሮ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ሻዬን ልደፋው ነበር። የሚገርመው ግን ፈረቃ ተቀይሯል ያልሽው ልክ ነው። የተሳሳትሽው ባለፈረቃዋ ላይ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልሽ የሚጫወተው ኒዮፔትስ የሚባል የቤት እንስሳ ማሳደጊያ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ሰዓቱን የሚቆጥረው በካሊፎርኒያ ነው። ትሉ በቀን ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱን ጊዜ ለአንድ ሰዓት ብቻ ይተኛል። ወደኛ ሰዓት ስንመልሰው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ከጠዋቱ 3 እስከ 4፣ ከቀኑ 11 እስከ 12 እና ከሌሊቱ 7 እስከ 8 ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ። በኅዳራቸው የመጀመሪያ እሑድ፣ ማለትም በእኛ ጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል። እኛ አናዛውርም፤ ፀሐይም እዚሁ፣ ሰዓቱም እዚሁ። ስለዚህ የትሉ እንቅልፍ እኛ ጋ ከሌሊቱ 6 ወደ 7 ተገፋ ማለት ነው። በመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ተመልሶ 6 ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ «አሁንስ ማን መጣች?» ብለሽ እንዳትደነግጪ።

እንግዲህ ወደ ትሉ እንሂድ፤ የጠየቅሽኝ እሱን ነውና።

ኒዮፔትስ አሮጌ ጨዋታ ነው። አዳም ፓውልና ዶና ዊልያምስ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ኅዳር ላይ የከፈቱት። እንስሳ ትወስጃለሽ፣ ስም ታወጫለሽ፣ ታበያለሽ፣ ታጫውቻለሽ፣ ኒዮፖይንት የሚባል የጨዋታ ገንዘብ ትሰበስቢያለሽ። በ2005 ቪያኮም የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ በ160 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ይህን የምነግርሽ ባልሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የፈጠረው ነገር እንዳይመስልሽ ነው። በኢንተርኔት ካፌ ዘመን፣ በደቂቃ እየከፈልን፣ የጎረቤት ልጅ «ተራዬ ደረሰ» እያለ ትከሻችን ላይ ተንጠልጥሎ የተጫወትነው ሰዎች አለን። በ2020 ማብቂያ ላይ ፍላሽ የሚባለው ቴክኖሎጂ ሲቀር ብዙዎቹ ትንንሽ ጨዋታዎቹ ተሰባበሩ። ትሉ ግን ምንም አልሆነም። ሥራው መተኛት ብቻ ስለሆነ የሚበላሽ ነገር የለውም።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ትልልቅ ገጸ ባሕርያት ሞልተዋል። ተንኮለኛ አለ፣ ንጉሥ አለ፣ ክንፍ ያላቸው ቆነጃጅት አሉ። ስኖዌጀር ከነዚህ ተርታ የሚሰለፍ አይደለም። እሱ ቴረር ማውንቴን በሚባል በረዷማ ተራራ ላይ፣ አንድ ዋሻ ውስጥ፣ የዕቃ ክምር ላይ ተጠቅልሎ የተኛ ግዙፍ የበረዶ ትል ነው። በቃ። ሲነቃ ያገሳል፤ ከዚያ ውጭ ትንፍሽ አይልም። ሲኒማ ቢሆን ከዋናው ተዋናይ ጀርባ ቆሞ አንዴ ብቻ «ይግቡ ጌታዬ» እንደሚለው ዘበኛ ነው፤ ያውም «ይግቡ» አይልም።

እኔ ግን በዚህ ጨዋታ ውስጥ እንደሱ በግፍ ስሙ የጠፋ ፍጡር የለም እላለሁ።

እስቲ በሰከነ መንፈስ እንየው። እኛ አገር ዘንዶ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን አርዌ ነው። በአፈ ታሪኩ አርዌ በሕዝቡ ላይ ነግሦ ግብር ያስገብር ነበር። ከብት ይበላል፣ ልጃገረድ ይቀርብለታል፣ እምቢ ያለ ወዮለት። መጨረሻ ላይ አንጋቦ የሚባል ጀግና መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦ ገላገላቸው ይባላል። አርዌ ይገባዋል፤ ሰው አስቸግሯል። ስኖዌጀርስ? ማንንም አያስገብርም። ከዋሻው አይወጣም። ማንም ቤት ሄዶ በር አያንኳኳም። ሰፈር ውስጥ «ትሉ መጣ» ተብሎ ልጅ የሚደበቅበት ቀን የለም። ሰዎች ናቸው ተራራ ወጥተው፣ ሰዓት ጠብቀው፣ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ፣ ቤቱ ገብተው ዕቃውን የሚወስዱበት። ሲነቃና ሲያገሳ ደግሞ «ክፉ ነው» ይሉታል። አንቺ ሌሊት አንድ የማታውቂው ሰው ሳሎንሽ ገብቶ ድስትሽን ታቅፎ ብታገኚው ምን ልትይው ነው? «ቡና ላፍላልህ?»

ዕቃውስ ቢሆን? የወርቅ ዋንጫ እንዳይመስልሽ። አልፎ አልፎ ደህና ነገር ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚገኘው ተራ ኮተት ነው። ይህን ባልሽም ያውቃል፤ ጠይቂው፣ አይክድም። እድልሽ ከጠመመ ደግሞ ትሉ ብድግ ብሎ ያገሳብሽና እጅሽን አጨብጭበሽ ትመለሻለሽ፤ ከባሰም የበረዶ ትንፋሹን ይለቅብሽና እንስሳሽ ይጎዳል። ይህ ሁሉ ጣጣ ለአንድ ሙከራ ነው፤ በአንድ እንቅልፍ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መሞከር አይፈቀድም። ማለትም ባልሽ ከሞቀ አልጋው ተነስቶ፣ የየካ አባዶን የሌሊት ብርድ ችሎ፣ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ የሚያደርገው ነገር በጠቅላላው አንድ ጊዜ መንካት ነው። አንድ። ከዚያ በኋላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚቆየው ምን ሲያደርግ እንደሆነ እሱን ራሱን ጠይቂው። ሌሎቹን እንስሳት እያበላ ይሆናል። ወይም ከጓደኛው ጋ ስላጋጠመው ኮተት እያወራ ይሆናል። ወንዶች ሲባሉ ደግሞ ለወሬ ምክንያት ካገኙ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ደብዳቤሽን ሁለተኛ ሳነበው ያየሁት ነገር አለ።

ይህ ትል በቀን የሚተኛው ሦስት ሰዓት ነው። እሱንም አንድ ላይ አይተኛውም፤ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሰባት ሰዓት ነቅቶ መጠበቅ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ሰዓት። ያቺኑ አንድ ሰዓት አይኑን ሊከድን ሲል አንዱ ይመጣና ጎኑን ይነካካዋል። ከነቃ በኋላ ፊቱን አጥቁሮ ሲያገሳ «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚቆጣው? ጠባዩ ተበላሸ እኮ» ይባላል።

እህቴ፣ የዘጠኝ ወር ልጅ እናት ነሽ። ይሄ ፕሮግራም የማን ይመስልሻል?

እኔ ይሄን ገጸ ባሕርይ ለረጅም ጊዜ ስግብግብ ዘንዶ ነው ሲሉት እሰማለሁ፤ ዕቃ ላይ ተኝቶ አላካፍልም ያለ ንፉግ። እኔ ግን አራስ ቤት የከረመ ሰው ሁሉ እሱን ሲያየው ወዲያው ሊያውቀው ይገባል ባይ ነኝ። ዕቃው ላይ የተኛው ስለወደደው ላይሆን ይችላል፤ ሊያነሳው ጊዜ ያላገኘው የልብስ ክምርስ ቢሆን? ያልተጣጠፈ ልብስ ላይ ጋደም ብሎ እዚያው እንቅልፍ የወሰደውን ሰው «ሀብት ይጠብቃል» ማለት ደግ አይደለም። ንገሪኝ እስቲ፣ አንቺ ራስሽ ባለፈው ሳምንት ካልሲና ዳይፐር ክምር ላይ አንገትሽን ዘንበል አድርገሽ አልተኛሽም? ያኔ አንዱ መጥቶ ከሥርሽ ካልሲ ቢስብብሽ የበረዶ ትንፋሽ ቢኖርሽ አትጠቀሚበትም ነበር? እኔ እጠቀምበት ነበር። ያውም ሁለቴ።

እንግዲህ ባልሽ ሌሊት ሌሊት የሚያደርገውን በዚህ ዓይን እይው። እቤቱ ውስጥ አንዲት እንቅልፍ ያጣች ፍጡር አለች። እሱ ደግሞ ሌላ እንቅልፍ ያጣ ፍጡር ፍለጋ ቴረር ማውንቴን ድረስ ይሄዳል። የአንዳቸውንም እንቅልፍ ግን አያከብርም።

ደህና። ጤነኛ ነው ወይ ላልሽው፣ ባልሽ ጤነኛ ነው። ሰው በሙሉ አንዳንድ ሱስ አለው፤ አንዱ ኳስ ውርርድ፣ አንዱ ጫት፣ አንዱ ድራማ። ያንቺ ሰው የተያዘው በትል ነው። ገንዘብ አይበላም፣ ጉበት አይጎዳም። ኒዮፖይንቱን በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥ በጨዋታው ሕግ ክልክል ስለሆነ «400 ሺህ አለኝ» ቢልሽ እንኳ ደስ አይበልሽ፤ ሽንኩርት አይገዛም። ሽማግሌም አትሰብስቢ። ሦስት የተከበሩ አባቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ደረጃውን ወጥተው፣ እያለከለኩ አራተኛ ፎቅ ከደረሱ በኋላ «ምን አጠፋ?» ሲሉ «ከትል ሰረቀ» ልትያቸው ነው? አንዱ ደግሞ «ትሉ ራሱ ምን አለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ አይፈርዱማ።

ክሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንቺ ደብዳቤሽ ውስጥ በአንዲት መስመር ጣል አድርገሽ ያለፍሻት፦ «ልጃችን ስታለቅስ አንድም ሌሊት ሰምቶ አያውቅም።»

ይህ ሰው ማንቂያ ደወል ያጮሃል? አልጻፍሽም። ሹክክ ብሎ ነው የሚነሳው ካልሽ ግን ደወል ያለ አይመስለኝም፤ ቢኖር ልጅቷ ቀድማ ትነሳ ነበር። ማለትም ይህ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ፣ ያለ ደወል፣ በድቅድቅ ጨለማ፣ የጅብ ድምፅ እየሰማ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰዓት ሲቀየር እንኳ ሳይሳሳት መንቃት የሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጆሮና እንዲህ ያለ ውስጣዊ ሰዓት ያለው ሰው አንድ ክንድ እርቀት ላይ የምትጮህ ልጅ አልሰማሁም ቢል የትኛውም ፍርድ ቤት አይቀበለውም። ያስረዱ ምስክሮች ራሱና ትሉ ናቸው።

ስለዚህ ጨዋታውን አጥፋ አትበይው። ካጠፋው ይህ ሁሉ ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። እንደዚያ ካልሽው ደግሞ ተደብቆ ይጫወታል፤ አሁን መታጠቢያ ቤት ነው ያለው፣ ያኔ ደረጃ ላይ ይወጣል፣ ጎረቤትም ሌላ ታሪክ ይፈጥርለታል። ይልቅ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጅቷ ስትተኛ፣ ቡና አፍልተሽ አስቀምጪውና በትሉ ቋንቋ አነጋግሪው።

መጀመሪያ ሰዓቱን አሳዪው። ከሦስቱ የትሉ እንቅልፎች ሁለቱ ቀን ናቸው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሥራ ቦታ የሻይ ሰዓት ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ደግሞ መገናኛ ላይ ወደ ሰፈራችሁ የሚመጣውን ታክሲ ሰልፍ ይዞ የሚቆምበት ሰዓት ነው፤ ሰልፉ ከትሉ እንቅልፍ እንደማያንስ አንቺም እኔም እናውቃለን። ሁለት ሙከራ በቀን ለማንም ሌባ ይበቃዋል። ሦስተኛው፣ የሌሊቱ፣ ይቅር። ወይም ካልቀረ ዋጋ ይኑረው። ዋጋው ይህ ነው፤ 7 ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው ከ7 እስከ ንጋት የልጅቷ ተረኛ ነው። ጡጦ ከጀመረች ጡጦ፣ ጡት ብቻ ከሆነች ደግሞ አምጥቶ ሰጥቶ፣ ግሳት አውጥቶ፣ ዳይፐር ቀይሮ፣ መልሶ ማስተኛት። አንቺ ከዚያ በፊት ያለውን ትይዣለሽ። በዚህ ስሌት አንቺ በአንድ ላይ አራት አምስት ሰዓት ትተኛለሽ፤ ከትሉ በለጥሽ ማለት ነው።

ውሃችሁም እንደ ብዙው የዳር ሰፈር በፈረቃ፣ ሌሊት የሚመጣ ከሆነ ይህ ሰው ወርቅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቧንቧ ከፍቶ ተኝቶ፣ ጠብ ጠብ ሲል እየባነነ ባልዲ የሚያስቀምጠው ለምንድነው? እናንተ ቤት በሰዓቱ የሚነሳ ሰው አለ። ስልኩን በአንድ እጁ፣ ጀሪካኑን በሌላው። ትሉን ሲነካ ቆይቶ በርሜሉ ሞልቶ ካልፈሰሰ ምን ችግር አለው።

ሰበብ ማምጣቱ አይቀርም፤ አስቀድሜ ላስታጥቅሽ።

«እንስሶቼ ይሞቱብኛል» ሊልሽ ይችላል። ውሸት። በ1996 የወጣው ታማጎቺ የሚባለው የጃፓኖቹ መጫወቻ እንስሳ ካላበላሽው ይሞት ነበር፤ ብዙ የፈረንጅ ልጅ በዚያ አልቅሷል። የኒዮፔትስ እንስሳት ግን አይሞቱም። ቢርባቸው ቢርባቸው «ልሞት ነው» ብለው ያጉረመርማሉ እንጂ ሕይወታቸው አያልፍም። በጣም ካዘነላቸው እዚያው ጨዋታ ውስጥ ኒዮሎጅ የሚባል ሆቴል አለ፤ እስከ 28 ቀን ከፍሎ ያስገባቸዋል፣ ይመገባሉ። (እግረ መንገድሽን አንቺን ለመጨረሻ ጊዜ ሆቴል የወሰደሽ መቼ እንደሆነ ጠይቂው። ቢሾፍቱ ሩቅ አይደለም።)

«ትሉ መትቶብኝ እንስሳዬ ታሟል፣ ማስታመም አለብኝ» ካለሽም የፈውስ ምንጭ አለ። አስማተኛ የሆነች የውሃ ቆንጆ በየግማሽ ሰዓቱ በነፃ ትፈውሳለች። ጠበል በይው። በቀንም ክፍት ነው።

«የሌሊት ፓኬጅ ርካሽ ስለሆነ ነው» የሚለው የሚያምር ሰበብ ነው፤ እኔም ልቀበለው ምንም አልቀረኝ። ግን ትሉን አንዴ መንካት ማለት አንድ ገጽ መክፈት ነው። ጽሑፍና አንድ ሥዕል። ጠዋት ጠዋት ከዘመድ ግሩፕ የሚላክለት ባለ አበባ «እንደምን አደራችሁ» ቪዲዮ ከዚያ የበለጠ ይበላል።

ስለ ጓደኛው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ «ተኝቷል፣ ግባና አንሳ» የሚል የድምፅ መልእክት የሚላላኩ ሁለት ጎልማሶች አንድ ቀን የተሳሳተ ሰው እጅ እንዳይወድቁ እፈራለሁ። የብሎካችሁ ጥበቃ ቢሰማ ምን ሊያስብ ነው? አንቺ ሚስቱ ሆነሽ እንኳ መጋዘን ሊዘርፉ ነው ብለሻል። ጽሑፍ ይላላኩ። ወይም ደግሞ ጓደኝየውም ሚስት ካለችው ሁለታችሁ ተነጋገሩ፤ እሷም ይሄኔ የሆነ ዓምድ ላይ እየጻፈች ይሆናል።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ፣ እያፈርሽ ወደ ጠየቅሽኝ። አዎ፣ መጫወት ትችያለሽ። የራስሽን አካውንት ክፈቺ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ «በአንቺ ስም እኔ ልሞክርልሽ» ብሎ ትሉን በቀን ስድስት ጊዜ ሊዘርፍ ይሞክራል። ለአንድ ሰው በተጨማሪ አካውንት ዕቃና ነጥብ መሰብሰብ በሕጉ ክልክል ነው፤ ሁለቱንም ያዘጉበታል። የይለፍ ቃልሽን አትስጪው። እንቁላል የጠፋባትን ዶሮ መስሎ ቢለምንሽም እንዳትሰጪው።

ከትሉም አትጀምሪ። እሱን ተይው፣ ይተኛ። ታይራኒያ የሚባል ቦታ ላይ ግዙፍ ኦምሌት አለ፤ ድንጋይ ላይ የተጠበሰ፣ የማያልቅ፣ በቀን አንዴ በነፃ ቆርሰሽ የምትወስጂው። በዚህ የእንቁላል ዋጋ ማየቱ ራሱ ያጠግባል። ሴበር ኤክስ የሚባል ጥርሰ ረጅም አውሬ ይጠብቀዋል፤ አንዳንዴ ያባርርሻል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ታገኛለሽ። የመኝታ ሰዓት የሚባል ነገር የለውም፤ ስለዚህ በፈለግሽው ሰዓት፣ ጠዋት ቁርስ ስትሠሪ፣ ልጅቷን ጀርባሽ ላይ አዝለሽ መሄድ ትችያለሽ።